እሺ የምትለኝ ማን ናት?

ኡሙሰልማ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ያነበበችው ደብዳቤ ለልጇ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነበር።

ያገኘችው የሱሀይላን የሥራ ጋወን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ነው። ድሮ ቢሆን አጣጥፋ ቁምሳጥን ላይ ታስቀምጠው ነበር። አሁን ግን የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ዓመት ከመንፈቅ አልፏታል፤ ፊደል ያረፈበት ነገር ሁሉ፣ የሳሙና መጠቅለያም ቢሆን፣ ካላነበበችው ከእጇ አይወጣም። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ በጣቷ እየተከተለች ጀመረች። «ማስጠንቀቂያ» የምትለዋ ቃል ላይ ሦስት ጊዜ ተደናቅፋ በአራተኛው አለፈቻት። ደስ አላት። ደስታው የቆየው እስከሚቀጥለው መስመር ድረስ ብቻ ነው። ሠራተኛዋ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ቀን አርፍዳለች፤ ለሦስተኛ ጊዜ ካረፈደች ከሥራ ትሰናበታለች ይላል።

ሱሀይላ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ኮምቦልቻ ካለ አንድ የልብስ ፋብሪካ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋለች። ይህን ሥራ እስክታገኝ ድረስ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የኖረችው፤ ከእናቷ ጋር እንኳ በቀን አሥር ቃል አትነጋገርም ነበር። ሥራ ከያዘች ወዲህ ግን ስለ ኮሌታ አገጣጠም እያወራች እራቷ ይቀዘቅዝባታል። ኡሙሰልማ ደብዳቤውን ይዛ የታያት ያ ግድግዳ ነው።

የፋብሪካው ሰርቪስ በሰፈራቸው፣ በቧንቧ ውሃ አስፋልት፣ የሚያልፈው ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ነው። ማንንም አይጠብቅም። እሱ ካመለጠ መናኸሪያ መሄድ፣ ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቅ፣ ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ መውረድ አለ፤ እስከዚያ ማሽኖቹ ሥራ ጀምረዋል።

ማታ ደብዳቤውን ልጇ ፊት ዘረጋችው።

«ይሄን ለምን ደበቅሽኝ?»

«አነበብሽው?» ሱሀይላ ከመደንገጧ መገረሟ በለጠ። «ሙሉውን?»

«ፊርማው ብቻ አልገባኝም።»

«እሱ ለማንም አይገባም።» ሳቀችና ወዲያው ሳቋ ጠፋ። «ምን ላድርግ እማ? ወላሂ ስትጠሪኝ አልሰማሽም።»

«እንዴት አልሰማሽም? ነጋ ስልሽ እሺ፣ ተነሳሁ ትይኝ የለም እንዴ!»

«እኔ? አንድ ቀንም ብዬ አላውቅም።»

«ታዲያ እሺ የምትለኝ ማን ናት?»

ሱሀይላ ትከሻዋን ነቅንቃ ደብዳቤውን አጣጠፈችው። ጥያቄው ግን ኡሙሰልማን ያዛት።

የጎልማሶቹ አስተማሪ መምህር ጸጋው ለተማሪዎቹ ሁሉ አንድ አንድ ደብተር ሰጥቷቸው ነበር። «በየቀኑ አንድ ነገር ጻፉ» ብሏቸዋል። «የሰማችሁትን አይደለም፣ የገመታችሁትንም አይደለም። በዓይናችሁ ያያችሁትን።» ኡሙሰልማ እስከዚያን ቀን ስለ ዶሮዋ ነበር የምትጽፈው። ዶሮዋን ተወችና ስለ ልጇ እንቅልፍ መጻፍ ጀመረች።

«ሰኞ። ስድስት ጊዜ ጠራኋት። ስድስት ጊዜ እሺ አለች። ሰርቪሱን ሮጣ ያዘች።

ማክሰኞ። ራት በጊዜ በላን። በሦስት ሰዓት ተኛች። ሰባት ጊዜ ጠራኋት።

ረቡዕ። መስኮቱን ከፈትኩት። ጉም ገባ። እኔ አስነጠሰኝ። እሷ ተኛች።»

ሐሙስ ዕለት ጎንበስ ብላ የተኛችውን ልጇን ትጠይቃት ጀመር።

«ሱሂ፣ ነጋ።»

«እሺ፣ ተነሳሁ።» ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው፤ እንቅልፍ የነካው አይመስልም።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጫማ እያደረግኩ።»

«የትኛውን?»

«ጥቁሩን።»

ጥቁሩ ጫማ ለሰው ከተሰጠ ዓመት ሆኖታል። እግሮቿም ከነካልሲያቸው ብርድ ልብሱ ውስጥ ናቸው። ኡሙሰልማ ፀጉሯ ቆመ። ቢሆንም ወደ ደብተሯ ሄዳ «ጥቁሩን አለች» ብላ ጻፈች።

ከባለሱቁ ከበሽር ክብሪት ስትገዛ ነገሩን አነሳችበት።

«ጂን እንዳይሆን ብቻ» አለ በሽር፣ ግማሽ ቀልዱን።

«ጂን ቢሆን ሌሊት አይተኛም ይባላል» አለችው። «ይሄኛው እንዲያውም ከእሷ የባሰ እንቅልፋም ነው።»

አርብ ማታ ደብተሩን ወደኋላ እያገላበጠች ሳለ ነሐሴ ላይ ደረሰች። ሁለት ሳምንት ሱሀይላ ቤት አልነበረችም። ሐረጎ ላይ ናዳ መንገዱን ሲዘጋው ኮምቦልቻ አክስቷ ለይላ ዘንድ ነበር የሰነበተችው። «ሱሂ የለችም። ዶሮዋ እንቁላል ጣለች» ይላል ደብተሩ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት አርፍዳ ነበር? አላረፈደችም። አንድ ቀንም። ያች እንቅልፋም ልጅ፣ ያው ሥራ፣ ያው ሰዓት። የተለየው ቤቱ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ኮምቦልቻ ስትደርስ ሙቀቱ ነጠላዋን አስወለቃት። ይሄው ነው ብላ አሰበች፣ ሙቀቱ ነው። ግን ነሐሴ ውስጥ ኮምቦልቻም ቢሆን ጠዋት ጠዋት ይበርዳል። ለይላ ቤት እንደገባች ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ ሱሀይላ የተኛችበትን ክፍል አሳዪኝ አለች። ፍራሹን ተጫነችው። መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ አየች። ስንት ብርድ ልብስ ነበር? ራት ስንት ሰዓት ትበላለች? ከመስጊዱ ስንት ቤት ይርቃል?

«እታለም፣ ምርመራ ነው እንዴ የያዝሽው?» ለይላ ሕፃኑን ታቅፋ ሳቀች።

«ዝም ብለሽ መልሽልኝ። ማን ነበር የሚቀሰቅሳት?»

«እሷን?» ለይላ እህቷን ትኩር ብላ አየቻት። «እሷ አይደለች እንዴ እኛን የምትቀሰቅሰን! እኔ ያኔ አራስ ነኝ፤ ይሄ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስጨንቀኝ ያድራል። ባሌን መሕሙድንስ ታውቂው የለ፣ ቤቱ ቢፈርስበት አይሰማም። በመጀመሪያው ቀን ማታ፣ ሱሂ፣ ለሱብሂ ሶላት አንቺ ነሽ የምትቀሰቅሺን አልኳት። ከዚያ በኋላ ስልኳ እንደጮኸ እሷ ናት የምትነሳው።»

«አላርሙ ያስነሳታል?»

«ለምን አያስነሳትም? ቤት ያውካል እኮ!»

ኡሙሰልማ ፍራሹ ላይ ቁጭ አለች። እሷ ቤት አላርሙ ጮኾ አያውቅም። ሁልጊዜ ቀድማው ትነሳና ታጠፋዋለች። ተኝቶ የደነገጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ነፍሱ አትረጋም ብላ ነው። ከዚያ በኋላ ነው በለሆሳስ፣ ሱሂ፣ የኔ ልጅ፣ ነጋ የምትለው። ይህንን ለለይላ ነገረቻት።

«አይ እታለም!» ለይላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ልጆች ሆነን ቢስቲማ እያለን ለሱብሂ ማን ነበር የሚቀሰቅሰን? አንቺ። አንቺ አግብተሽ የሄድሽ ሳምንት እኮ ሁላችንም ፀሐይ ወጣብን። አባባ ምን ይል ነበር መሰለሽ? ኡሙሰልማ ሄደች፣ ንጋቱንም ይዛው ሄደች።»

«ይሄን አልነገራችሁኝም።»

«መቼ እንንገርሽ? ተኝተን!»

ሐረጎን ወደ ላይ ስትመለስ ሚኒባሱ በየመታጠፊያው ያቃስት ነበር። ኡሙሰልማ በመስኮቱ ገደሉን እያየች ትቆጥራለች። ሃያ ሁለት ዓመት። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ልጇ ራሷ የነቃችበትን አንድ ጠዋት እንኳ ልታስታውስ ሞከረች። አጣች።

እሑድ ማታ ከጥቁሩ ጫማ ጀምራ ሁሉንም ነገረቻት።

«ከነገ ጀምሮ የምትቀሰቅሺኝ አንቺ ነሽ።»

«አንቺን? አንቺ እኮ ከአዛኑ ትቀድሚያለሽ!»

«ብነቃም አልነሳም። ካልቀሰቀስሽኝ ከአልጋዬ አልወርድም።»

«ለሱብሂም?»

«ለሱብሂም።»

ሱሀይላ አፏን ያዘች። «እማ፣ ሶላትሽን በእኔ ላይ? ይሄ ማስፈራራት ነው።»

«ማስፈራራት አይደለም፣ ልጄ። እኔም እየፈራሁ ነው።» እውነቷን ነበር። ሱሀይላ አንድ ቀን ብቻ ብታረፍድ ሥራው ይቀራል፤ ያ ግድግዳም ተመልሶ ይመጣል።

ሰኞ እንደ ልማዷ ቀድማ ነቃች። የልጇ ስልክ በራሷ በኡሙሰልማ ትራስ አጠገብ ተቀምጧል። እጇ ሊዘረጋ ሲል በሌላኛው እጇ ያዘችው። አላርሙ ጮኸ። የደነገጠችው እሷ ናት። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ጸጥ አለ። ከዚያ ምንም የለም።

አዛኑ ወጣ። ሙአዚኑ ሶላት ከእንቅልፍ እንደሚበልጥ ሁለት ጊዜ ሲያሳስብ ስሟን ጠርቶ የሚናገራት መሰላት። ያ ረቢ፣ ኒያዬን፣ የልቤን ሐሳብ፣ አንተ ታውቃለህ አለች በልቧ። ከውጭ የጎረቤት ባልዲ ተንቋቋ። አንድ ባጃጅ ተነሳ። አዛኑ አበቃ። ከልጇ አልጋ በኩል የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። «ሱሂ» የምትለዋ ቃል ጥርሷ ላይ ደረሰች፤ የብርድ ልብሱን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተችበት። ሌላ ቀን ቢሆን እስካሁን ሰባት ጊዜ ትጠራት ነበር። ሰባቱንም ዋጠቻቸው።

ስምንተኛውን ልትውጥ ስትል አልጋው ሲጢጥ አለ።

የባዶ እግር ዱካ ወለሉን አቋርጦ መጣ።

«እማ። ነግቷል፣ ተነሺ።»

ኡሙሰልማ ከደስታዋ ብዛት ልትዘል ነበር። ግን ሳምንቱን ሙሉ ስትፈልገው የነበረው ነገር እጇ ላይ ወደቀ፤ ዛሬ የተጠራችው እሷ ናት። እንዴት እንደሆነ ሳታየው ልትለፈው አልቻለችም። ዓይኗን ጨፍና ጥርት ባለ ድምፅ መለሰች።

«እሺ፣ ተነሳሁ።»

አልተንቀሳቀሰችም። ዱካው ራቀ። ያኔ የሚገርም ነገር ሆነ፤ ሙቀቱ ከእግሯ ጀምሮ ቀስ እያለ ወጣባት፣ በእውነትም የተነሳች፣ ታጥባ ውዱእ ያደረገች፣ ሁሉንም የጨረሰች መሰላት። ለካስ እሺ ጠሪውን መሸኛ ኖሯል። ማሰቡም፣ ሰዓት መጠበቁም፣ መፍራቱም የጠሪው ነው። የተጠራው አንዲት ቃል ይወረውርና ወደ ሙቀቱ ይመለሳል። እሺ የምትለዋ ሱሀይላም አይደለችም፣ ጂንም አይደለችም። ሌላ ሰው እንደነቃላት የምታውቅ እንቅልፍ ናት።

በውዱእ ውሃ የቀዘቀዘ እጅ አንገቷ ላይ አረፈ።

«ተነሳሁ አላልሽም?» ሱሀይላ ላይዋ ላይ ቆማለች። «የትኛውን ጫማ አደረግሽ?»

«ጥቁሩን።»

ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። ሱሀይላ ብርድ ልብሱን በአንድ ጊዜ ገፈፈችው። «ተነሺ! ሶላትሽ ቢያልፍ እኔን ነው የምታስጠይቂኝ!»

ጎን ለጎን ሰገዱ። ሱሀይላ ዳቦዋን በእጇ ይዛ ወጣች። ኡሙሰልማ በሩ ላይ ቆማ አየቻት፤ አልሮጠችም። ሰርቪሱ ሲደርስ ሱሀይላ አስፋልቱ ዳር ቆማ ነበር፣ እንዲያውም እጆቿን እያሟሟቀች። ቀይ መብራቱ ጉሙ ውስጥ እስኪጠፋ ኡሙሰልማ ከበሩ አልራቀችም።

«ሰኞ» ብላ ጻፈች። «ሁለት ጊዜ ጠራችኝ። ሰርቪሱን ቆማ ጠበቀችው።»

ማክሰኞና ረቡዕም ይኸው ነበር። ሐሙስ ደብተሩን ስትከፍት ግን እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀረ። ያያችሁትን ብቻ ጻፉ ነው የተባለው። እሷ ደግሞ ዛሬ ስትነቃ ያየችው የልጇን ፊት ብቻ ነው፣ አፍንጫዋ ድረስ ቀርቦ ሲስቅባት። አላርሙን አልሰማችም፣ አዛኑንም አልሰማችም። እንዲህ ሆኖባት አያውቅም።

 ከዚያ የየቃሉን መጨረሻ እየተጠነቀቀች እንዲህ ብላ ጻፈች።

«ሐሙስ። ሦስት ጊዜ ጠራሁሽ አለችኝ። ሦስት ጊዜም እሺ ብለሻል አለች። እኔ አላየሁም።»