አድርሺለት

እና ለራሱ ለአብዱልበሲጥ ነው የምሰጠው፣ ለባሌ፣ በገዛ እጄ፣ ሳጅን ስዩም እንደዚያ ነው ያለው፣ ደግ ሰው ነው፣ አልዋሽም፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠኝ፣ ያበጠ ጉንጬን አይቶ አንገቱን ደፋ፣ በባልና ሚስት መሀል አልገባም ብሎ ይመልሰኛል ስል ቃሌን እስከ መጨረሻው ጻፈ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ማህተም መትቶ፣ መጥሪያ ነው ሙጂባ፣ ነገ ሦስት ሰዓት ይቅረብ፣ አድርሺለት። የጣቢያው ሞተር ሳይክል ነዳጅ የለውም፣ እዚህ ሁሌም ከሳሽ ነው የሚያደርሰው፣ አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ማለት ለምዶብኝ።

ባጃጁ ይንገጫገጫል፣ የሰመራ ንፋስ እሳት ነው፣ ወረቀቱ ደረቴ ውስጥ ተሸጉጦ ላብ ጠጥቷል፣ እንዴት ነው የምሰጠው፣ ከምሳ በፊት ነው ወይስ ከበላ በኋላ፣ ከወጡ ጋር ላቅርብለት እንዴ፣ እንካ አብዱ፣ ፖሊስ ይፈልግሃል፣ ምንድን ነው ይላል፣ ማን ከሰሰኝ ይላል፣ በሩን ይዘጋል። ሁልጊዜ መጀመሪያ በሩን ነው የሚዘጋው። ቀስ ብሎ። እናቴ ከደሴ ስትደውል ሶብር አድርጊ ልጄ፣ ቻዪው ትለኛለች፣ አደረግኩ እማ፣ ስድስት ዓመት፣ ክንዴ ሲሰበር ከደረጃ ወደቅሁ አልኩት ሐኪሙን፣ ቤታችን ደረጃ የለውም።

ሱቃችን ይታየኛል፣ ሰማያዊው በር፣ አብዱም ደጃፉ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፣ ያ አላህ፣ ወንድሜ አታቁም፣ እለፈው፣ ሹፌሩ በመስተዋቱ ፊቴን አየና ምንም ሳይጠይቅ ነዳው፣ ሻርፔን ጎተት አደርጋለሁ፣ አላየኝም፣ አልሀምዱሊላህ፣ አሁን ወዴት? ደሴ? በዚህ ፊት? መልሰኝ። ወደ ፖሊስ ጣቢያው መልሰኝ።

ሳጅን ምሳ ሊወጣ ተነስቷል፣ ሲያየኝ ይደነግጣል፣ ሰጠሽው? ድምፄ አይንቀጠቀጥም፣ ራሴን ይገርመኛል፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖራለሁ። ሳጅን፣ ይህን እኔ ከሰጠሁት ነገ ሦስት ሰዓት የሚቀርብ ከሳሽ አይኖርዎትም። ነዳጅ ከሌለ ባጃጁ ውጪ ቆሟል፣ አብረን እንሂድ።

ወረቀቱን ያያል፣ እርጥቡን፣ ቀለሙ የፈሰሰውን፣ ጉንጬን ያያል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ እስከ ዛሬ ስንቷን ከሳሽ መጥሪያ በእጇ አስይዞ እንደላከ የሚቆጥር ይመስለኛል፣ አሳዘነኝ፣ ጭራሽ እሱ እኔን አሳዘነኝ። ከዚያ ቆቡን መፈለግ ይጀምራል፣ ወንበሩን ያነሳል፣ መሳቢያ ይከፍታል፣ ቆቡ እዚያው መዝገቡ ላይ ነው፣ አላየውም፣ አንስቼ በእጁ ሰጠሁት።