ሦስት መጥረጊያ

ኤልሳዕ የሀሚድን ሁለት ጣቶች የሰበረው በሦስት ካርድ ምክንያት ነው። ካርዶቹን የመረጠው ግን ሀሚድ አልነበረም። የመረጠቻቸው የኤልሳዕ ታናሽ እህት ገሊላ ናት።

ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሐረር፣ አቦከር ውስጥ በአንድ የሠርግ አዳራሽ በተካሄደው የካርድ ውድድር ፍጻሜ ነው። አሸናፊው ምሥራቁን ወክሎ አዲስ አበባ ይሄዳል። ኤልሳዕ ለዚህ ቀን ስምንት ወር ሲዘጋጅ ከርሟል፤ በእነዚያ ስምንት ወራት በሽንፈት ምክንያት አንድ የብርጭቆ ጠረጴዛና አንድ የመኝታ ቤት በር ሰብሯል።

ጨዋታው በስልሳ ካርድ ነው፤ ከሦስት ሁለቱን የወሰደ ያሸንፋል። ከስልሳው ሌላ አሥራ አምስት ካርዶች ተለይተው ይያዛሉ፤ ኳስ ሜዳ ዳር አግዳሚ ላይ እንደሚቀመጡት ተጫዋቾች «ተቀያሪ» ይባላሉ። የመጀመሪያው ጨዋታ ሲያልቅ የባላጋራህን አካሄድ አይተህ የማይረባህን ታወጣለህ፣ ከተቀያሪዎቹ የሚበጅህን ታስገባለህ። አሥራ አምስቱ ግን ግጥሚያው ሳይጀመር በወረቀት ተዘርዝረው ለዳኛ ይሰጣሉ። ከዚያ በኋላ አንዲት ካርድ የለወጠ ይባረራል።

ሦስቱ ሥራ ተከፋፍለው ነበር። ኤልሳዕ ይጫወታል፤ እጁ አይንቀጠቀጥም። ሸዋ በር ስልክ የሚጠግነው ሀሚድ ጭንቅላቱ ነው፤ ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል። ተቀያሪ መምረጥና ዝርዝሩን መጻፍ የገሊላ ነው። ከፋርማሲ ትምህርት ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሁለቱ ወንዶች በአንዲት ካርድ ሲነታረኩ ሦስት ሰዓት ሲያልፍ ካየች ወዲህ ሥራውን ቀምታቸው በሃያ ደቂቃ ትጨርሰዋለች።

ዓርብ ሀሚድ ከጁምዓ ወጥቶ ደወለላት። ኤልሳዕ በፍጻሜው የሚገጥመው ሙሳ የሚባለው የጀጎል ልጅ ካርዶቹን ቀይሯል አላት። አሁን የሚጫወተው በሙታን ነው፤ አውሬ የሚባሉት ተዋጊ ካርዶቹ ይሞታሉ፣ «መቃብር» ወደሚባለው ክምር ይወርዳሉ፣ ከዚያ ያስነሣቸዋል። «ሦስት መጥረጊያ ጨምሪ፤ ሌላውን እንደፈለግሽ» አላት። የምትሠራበት ፋርማሲ ውስጥ አምስት ሰው ተሰልፎ ነበር። እሺ ብላ ዘጋችው። ማታ ቤት ገብታ ሦስት መጥረጊያ ጻፈች፣ ሦስት መጥረጊያ ሳጥኑ ውስጥ ከተተች። ለኤልሳዕ «ሀሚድ እንዳለው ነው» ብላ ሰጠችው።

ሐረር ውስጥ ካርዶቹን በእንግሊዝኛ ስማቸው የሚጠራ የለም። ገሊላና ኤልሳዕ ጨዋታውን የተማሩት ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ነው፤ እዚያ መጥረጊያ ማለት ጠረጴዛው ላይ ያለውን አውሬ ሁሉ ጠርጎ የሚገድል ካርድ ነው። ሀሚድ የተማረው ጀጎል ውስጥ ነው፤ እዚያ መጥረጊያ ማለት መቃብሩን ጠርጎ ባዶ የሚያደርግ ካርድ ነው። እነ ገሊላ ያኛውን «አካፋ» ይሉታል፤ የእነሱን መጥረጊያ ደግሞ ጀጎሎች «ጎርፍ» ይሉታል። ሦስት ዓመት አብረው ሲጫወቱ ካርዱን በእጃቸው ይዘው እያሳዩ ስለሚያወሩ ስሙ አጣልቷቸው አያውቅም። በስልክ ግን የሚያሳዩት ነገር አልነበረም።

ኤልሳዕ ደግሞ አንድ አመል አለው። የመጀመሪያውን ጨዋታ ሳይጨርስ የተቀያሪዎቹን ሳጥን አይከፍትም፤ ቀድሞ ማየት ሽንፈት መጥራት ነው ይላል። ከሙሳ ጋር የመጀመሪያውን አሸነፈ። ሳጥኑን ከፈተ። ገሊላ ከሦስተኛው ረድፍ ፊቱን አየችው፤ አሥራ አምስቱን ሁለት ጊዜ አገላበጣቸው፣ ከዚያ ቀና ብሎ ሀሚድን ተመለከተ። አካፋ የለም። ሁለተኛውን ተሸነፈ። በሦስተኛው ቸግሮት መጥረጊያ ጣለ፤ የሙሳ ስድስት አውሬዎች በአንዴ ሞቱ። ሙሳም የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። ስድስቱንም ከመቃብር አስነሥቶ ጨረሰው።

ኤልሳዕ ከወንበሩ ተነሥቶ ሳጥኑን ወለሉ ላይ ደፋው። ካርዶቹ ገሊላ እግር ሥር ተበተኑ። ያን ጊዜ ገባት። ሀሚድ የትኛውን መጥረጊያ እንዳለ፣ እሷ የትኛውን እንደከተተች፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባት። አፏን ብትከፍት የምትለው አምስት ቃል አይሞላም ነበር።

ሀሚድ «አይዞህ ወሪያ» ብሎ እጁን ዘረጋ። ኤልሳዕ እጁን ተቀበለው።

«ለጎረቤትህ ሰጠኸኝ አይደል?» አለው፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «የጀጎል ልጅ ለጀጎል ልጅ።»

የመሃል ጣቱንና የቀለበት ጣቱን ለይቶ ያዘ፣ የብረቱ ወንበር መደገፊያ ላይ አስደገፋቸውና ወደ ታች ተጫነ። ድምፁ እስከ ኋላው ረድፍ ተሰማ። ሀሚድ ወለሉ ላይ ወደቀ። ኤልሳዕ ደረቱን በእግሩ መታው። ደገመው። በሦስተኛው አገጩን አገኘው፤ ደምና የተሰነጠቀ ጥርስ ካርዶቹ ላይ ወደቀ። ለአራት ያዙት። ከመሃላቸው አንዱ በክርኑ ተመትቶ ቅንድቡ ተተረተረ። ዳኛዋ መቅደስ ዝርዝሮቹን ደረቷ ላይ አቅፋ ከመድረኩ ጀርባ ቆመች። ሙሳ በኋላ በር ወጣ።

ገሊላ ሀሚድን በብብቱ ደግፋ አወጣችው፣ ባጃጅ ውስጥ ከተተችውና ሆስፒታል ወሰደችው።

ሐኪሙ ጣቶቹን ያለ ማደንዘዣ ሲያቀና የሀሚድ ሸሚዝ በላብ ራሰ። ቀኝ እጁ ነው። ሁለት ወር ይታሰራል፣ ከዚያ በኋላም እንደ ድሮው ላይታጠፍ ይችላል ተባለ። የስንዴ ቅንጣት የምታክል ብሎን በወረንጦ አንሥቶ እንጀራውን የሚበላ ሰው ነው። ስልኩ በኪሱ ውስጥ ዝም አላለም፤ የተጫዋቾቹ የቴሌግራም ግሩፕ ከሃዲ ብሎት፣ አባርሮት፣ ቤቱን የት እንደሆነ መጠያየቅ ጀምሯል።

ሐኪሙ ሲወጣ ሀሚድ በአበጠ አፉ ጠየቃት፦ «ገሊ፣ የትኛውን ነው የከተትሽው?»

ነገረችው።

 «አቦ፣ ያ እኮ ጎርፍ ነው» አለ። ሳቀ። ሳቁ የጎድን አጥንቱ ጋ ሲደርስ አጎነበሰና ባልዲው ውስጥ አስመለሰ። አፉን ጠርጎ ፖሊስ ጋ ሄዶ እንደሚከስ ነገራት። ክሰስ አለችው። «አንቺስ?» አላት። ሰኞ ጣቢያ መጥታ ያየችውንም ያደረገችውንም እንደምትናገር ነገረችው። «ወላሂ በይ» አላት፤ እሷ ክርስቲያን መሆኗን በሥቃዩ ረስቶት ይሁን አውቆ አልገባትም። ግን አለችው።

እሑድ ከሰዓት፣ ሐኪም በሚባለው ጋራ ሥር ካለው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ አባቷ አቶ ለገሠ ጠሯት። ጡረተኛ ርእሰ መምህር ናቸው፤ ሰው የሚያናግሩት የተማሪ ስም እንደሚጠሩ ሆነው ነው። ኤልሳዕ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ሻይ ይጠጣል፤ ክርኑ ተልጧል። ሀሚድ ስለከሰሰው ነገ ፖሊስ ጣቢያ ቃሉን ይሰጣል። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ከተፈረደበት ሥራው የለም። አቶ ለገሠ ምስክር እንደምትሆን፣ የምትናገረውም አጭር እንደሆነ ገለጹላት። ዝርዝሩን ያጻፈኝ ሀሚድ ነው፣ ሦስት መጥረጊያ ጨምሪ አለኝ። አለቀ። ተንኮል ያናደደው ሰውና እንዲያው የደበደበ ሰው ሕግ ፊት አንድ አይደሉም።

ገሊላ የመጥረጊያውን ነገር ከመጀመሪያው አንሥታ አስረዳቻቸው። ጎርፉንም አካፋውንም። ስህተቱ የእሷ እንደሆነ፣ ሀሚድ ማንንም እንዳልሸጠ።

ኤልሳዕ ብርጭቆውን አስቀመጠ። 

«አጻፈሽ ወይስ አላጻፈሽም?» አሉ አባቷ።

«አጻፈኝ።»

«መጥረጊያ አለሽ ወይስ አላለሽም?»

«አለኝ፣ አባባ።»

«እንግዲያው ያለሽን ተናገሪ። ሌላውን ማን ጠየቀሽ? ዋሺ አላልኩሽም።»

«ይህን ብቻ ካልኩ ዋሸሁ» አለች። «እርስዎ ሠላሳ ዓመት ፈተና አርመዋል። ግማሽ መልስ ምን እንደሆነ ያውቁታል።»

ኤልሳዕ ሲነሣ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። የቀኝ እጇን አንጓ ያዘ። መዳፏን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ዘረጋው፣ በሌላ እጁ ሁለት ጣቷን ለየ። ትናንት የያዛቸው እነዚያኑ ሁለቱን። እጁ አልተንቀጠቀጠም።

«ቀን ሙሉ እዚያ ተቀምጠሽ ታዪኝ ነበር» አላት። «አንቺ እያወቅሽ።»

«ካርዶቹ ሲበተኑ ነው ያወቅኩት። ልቀቀኝ።»

«ጣቢያ ምን ትያለሽ?»

አባቷን አየቻቸው። አቶ ለገሠ «ተይው፣ እሺ በይው» አሉ፤ ለእሷ ነው ያሉት። ለኤልሳዕ ምንም አላሉትም። ጣቶቿ ወደ ታች መውረድ ጀመሩ፤ ሕመሙ እስከ ትከሻዋ ተሰማት።

በግራ እጇ የሻይ ብርጭቆውን አነሣች፣ ጠረጴዛው ላይ ከስክሳ የቀረውን ክንዱ ውስጥ ከተተችው። ኤልሳዕ ለቀቃት። ደሙ በሻዩ ላይ ፈሰሰ፣ ከጠረጴዛው ወርዶ ምንጣፉን አገኘው። በደህና እጁ ፊቷን መታት፤ ጭንቅላቷ ከቁም ሣጥኑ ጋር ተጋጨ። ሊደግማት ሲመጣ የወደቀውን ወንበር በእግሩ መሃል ገፋችው። ተደናቅፎ በጉልበቱ የብርጭቆ ስብርባሪ ላይ አረፈ። እዚያው ቀረ፤ ክንዱን ይዞ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«ፎጣ ስጪው» አሉ አቶ ለገሠ። ድምፃቸው ሰልሏል። «እህቱ ነሽ።»

ፎጣ ሰጠችው። ቁስሉን ጎንበስ ብላ አየችው፤ ጥልቅ አይደለም። ጠበቅ አድርጎ እንዲጫነውና ስድስት ያህል ስፌት እንደሚያስፈልገው ነገረችው። ከዚያ ቧንቧው ጋ ሄዳ የእጇን ደም ታጠበች። ሁለቱ ጣቶቿ አብጠዋል፤ አጠፈቻቸው፣ ይታጠፋሉ። ከአልጋዋ ራስጌ ጣቢያ የምትጠየቀውን መታወቂያዋን ወሰደች።

ሳሎኑን ስታቋርጥ አባቷ ነገ ድረስ እንድትቆይ፣ ሰው ሲረጋጋ እንደሚነጋገሩ ለመኗት። እስከ ነገ ከቆየች የኤልሳዕ ቃል ይቀድማል፤ ያንን ሦስቱም ያውቁታል። ኤልሳዕ ከወለሉ ላይ ቀና አለ።

«ያ ሰው ምንሽ ነው?» አላት።

«ምኔም አይደለም» አለች። «የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ጫማዋን በአበጡት ጣቶቿ እየታገለች አሰረች፣ ወጣች፣ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።