ሽታ የሌለው መጠጥ

«የሞተው ልጄ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም!» አለች እናትየው።

ሹክሹክታው ቀጥ አለ። መስኮቱ ሥር የተቀመጠችው ዳቦ ጋጋሪ የሻይ ብርጭቆዋን አፏ ላይ ደፍታ ቀረች፤ ሻዩ ካለቀ ቆይቷል።

«እኔ ምን አልኩ እትዬ?»

«ጉበቱ ነው አልሽ፤ ሰምቼሻለሁ። ስለ ልጄ ጉበት ምን አገባሽ? ከሥጋ ቤት ገዝተሽው ነበር?»

ጥግ ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። በሦስት ቀን ውስጥ እናትየው ያልሰማችው የሞት ምክንያት የለም። አንዱ ጉበት ይላል፣ አንዷ ሳንባ፣ ሌላው ደግሞ «ያው እንግዲህ...» ብሎ አውራ ጣቱን ወደ አፉ ዘንበል ያደርጋል። ደሟን የሚያፈላው ይሄ «ያው እንግዲህ» ነው። ልጇ ጠጪ አልነበረም። ይህን ለመናገር አፏን በከፈተች ቁጥር ግን መልሳ ትዘጋዋለች። ለዓመታት ከሰፈሩ ሁሉ ጮክ ብላ ጠጪ ነው ያለችው እሷው ራሷ ናታ!

ልጇ ፀጉር አስተካካይ ነበር። እጁ ከመርጋቱ የተነሳ ሰው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይወስደው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ትከሻው ብቻውን መዝለል ጀመረ። ቀጥሎ እግሩ፤ መንገዱ ሜዳ ሆኖ ሳለ ጉድጓድ እንደሚዘል ሰው ይራመዳል። አንድ ቀን የደንበኛውን ጆሮ በመቀስ ነካው። በሳምንቱ ሌላ ጆሮ። ደንበኛ ሸሸ፣ ሱቁ ተዘጋ፣ የሰፈር ልጆች «ዳንሰኛው» የሚል ስም አወጡለት። ከንፈሩን ደግሞ ሳያውቀው ይነክሳል፤ ስለዚህ መሀረብ አጥፎ በጥርሱ ይዞ ይውላል። መሀረቡ አመሻሽ ላይ ደም ጠጥቶ ይመለሳል።

እናትየው ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ አጥባለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ስለ ደም ግን ማንም አያስተምራትም። ትኩስ ውሃ ጨርቁ ላይ እንደሚያበስለው፣ ቀዝቃዛ ውሃና ጨው እንደሚያስለቅቀው ለስንት ነርስ ነግራለች። የልጇን መሀረብ እያሸች ታዲያ ፈረደች፦ የጠጪ ደም ነው። የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በር ላይ ቆማ ትጠብቀው ጀመር።

«ተንፍስ!»

ያ ሁሉ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ፊቷ ላይ ይተነፍስላታል፤ ጎረቤት በየበሩ ቆሞ ያያል። ትንፋሹ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ትንሽ ደም ደም ይላል፣ ሌላ ምንም።

«እህስ እማ? አለፍኩ?»

«ሽታ የሌለው መጠጥ ወጥቷል ማለት ነው!» ትለዋለች። እሷን ማን ሊያታልላት!

አምና ሌላ ከተማ ያለ ሐኪም ጋር ደርሶ መጣ። የበሽታው ስም ረጅም ነው፤ ሦስት ጊዜ ነገራት፣ ሦስት ጊዜ ጠፋባት። የቀረውን ግን ገባት። በዘር የሚመጣ ነው። እንቅስቃሴን የሚያዝዘውን የአንጎል ክፍል ቀስ እያለ ይበላል። ክብ መሆን ያለበት ቀይ የደም ሴል ደግሞ ዙሪያውን እሾህ ያበቅላል።

«ደሜ እሾህ አለው አሉኝ እማ።»

«እሾህ? ሠላሳ ዓመት ደም ሳጥብ አንድ ቀን ወግቶኝ አያውቅም!»

ሳቀ። ከንፈሩ እስኪደማ ሳቀ። እሷ «ተሳስቻለሁ» አላለችውም፤ ያንን ከምትል ጥርሷ ቢነቀል ይሻላታል። በር ላይ መቆሟን ብቻ ተወች። እሱ ግን አልተወም። ሲገባ ወዳለችበት መጥቶ፣ ሳይጠየቅ ጎንበስ ይልና ይተነፍስላታል። ለቀልድ ነው። ባለፈው ሳምንት በሽታው ጣለው፤ ተንፈራገጠ፣ አልተነሳም።

«ሻይ ይጨመር?»

የሟቹ ታናሽ እህት ነች፤ ትሪ ይዛ ገባች። ልብስ ሰፊ ናት፣ ለእናትየው የቀረቻት ልጅ። ትሪው ተንቀጠቀጠ፤ አንድ ብርጭቆ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። ቤቱ በሙሉ ብርጭቆውን ትቶ የልጅቷን እጅ አየ።

«አይዞሽ፣ ድካም ነው» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ዓይኗን ከእጇ ሳትነቅል።

እናትየው ድካም እንዳልሆነ ታውቃለች። ከወር በፊት ልጅቷ መርፌ ላይ ክር ስታስገባ በበር ክፍተት አይታታለች። አራት ጊዜ ሳተች። በአምስተኛው ከንፈሯን ነከሰች። እናትየው ከዚያ ወዲህ ያንን በር ሳታንኳኳ አትከፍትም።

ልጅቷ ስብርባሪውን ለቅማ እናቷን ወደ ጓዳ ሳበቻት። ጓዳ ውስጥ የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ሠራተኛ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ቦርሳዋን አቅፋ ቆማለች።

«እኔ ነኝ የጠራኋት» አለች ልጅቷ። « የወንድሜ ሐኪም ከዚያ ከተማ መጥቷል፤ እስከ ነገ እዚህ ነው። ከእኔም ከአንቺም ደም ይፈልጋል።»

«በለቅሶ ቤት? ሰው ምን ይላል? ነገ ማን ያገባሻል? ደሞ የእኔ ወገን ንጹሕ ነው፤ ያ ነገር የአባታችሁ ነው።»

«ከሁለቱም ካልመጣ አያሳምምም እማማ» አለች ሠራተኛዋ። «የተሸከመው ሰው ደህና ነው፣ አያውቀውም።»

«አንቺ ደሞ ማን ጠየቀሽ?»

ሠራተኛዋ መነጽሯን አወለቀች። «የልጅዎን ደም መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነበርኩ፤ ከአምስት ዓመት በፊት። በማይክሮስኮፕ ሳየው እሾሃም ነው። ደም የመመርመሪያው መስተዋት ላይ በደንብ ካልደረቀ እንደዚያ ይሆናል፤ እኔ ያበላሸሁት መሰለኝና ጣልኩት። እንደገና ቀዳሁት፣ ያው ሆነ። እሱንም ጣልኩት። እጄ ነው ብዬ አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም።»

እናትየው ደረቷን ነፋች። ሦስት ቀን ሙሉ ጥፋቱን ልትጭንበት የምትፈልገው ሰው እግሩ አምጥቶት ፊቷ ቆሟል። ስድቡ ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ግን ይቺ ሴት የጣለችው ሁለት መስተዋት ነው። እሷስ? ስንት ትንፋሽ ነው አሽትታ የጣለችው?

«እማ» አለች ልጅቷ። «ማወቅ እፈልጋለሁ። እኔ በር ላይ ቆሜ ለሰው መተንፈስ አልፈልግም።»

እናትየው ዘወር ብላ ወደ ሳሎን ወጣች። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ «ተነስ» አለችውና ተቀመጠችበት።

«ስሙኝ!» አለች። «ልጄ ጠብታ አልቀመሰም። ለዓመታት ያሸተትኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን አልሸተተኝም። እያወቅኩ ነው ጠጪ ያልኩት። ሌላ ‹ያው እንግዲህ› የሚል ካለ እኔን ይበል!»

ዳቦ ጋጋሪዋ ዓይኗን ወደ መሬት አወረደች።

«አንቺ መነጽራም! ነይ። እዚሁ፣ ሰው እያየ። ከእኔ ጀምሪና ወደ እሷ እለፊ። ደሞ እሾህ ብታገኚ እንዳትጥዪው!»

«አልጥልም እማማ።»

እናትየው የጥቁር ቀሚሷን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰበሰበች። ሠራተኛዋ ጎማውን አሰረች፣ ሥሩን በጣቷ ፈለገች። የአሮጊቷ ክንድ እንደ እንጨት ደርቋል።

«ጨንቆዎት ትንፋሽ ይዘዋል» አለቻት ቀስ ብላ። «ይተንፍሱ።»

እናትየው በሩን አየች። ማንም አልቆመበትም። ከወንበሯ ላይ እንደ መነሳት ብላ ጎንበስ አለችና፣ ያንን ባዶ በር ፊት ለፊት እያየች በረጅሙ ተነፈሰችለት።