ትለምደዋለህ አልኩት

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። መለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ የሚያወርደው ሲተኛ ብቻ ስለሆነ ሰፈርተኛው «ሜትሩ» ይለው ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነን። እኔ ጠዋት ቢሮ እገባለሁ፤ እሱ ሳሎን መስኮቱ ሥር ከስፌት መኪናው ጋር ይውላል።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር፤ አባቴ ነጭናጫ ነበር። በግዴለሽነት የተሠራ ነገር ሲያይ ያመዋል። አዲስ ሸሚዝ ገዝቼ ስገባ፣ ገና ሳልለካው ቁልፉን ሳብ ያደርግና «ይኸው፣ በሁለት ክር አንጠልጥለውታል። ሁለት ዙር ቢጨምሩበት እጃቸው ይቆረጥ ነበር?» ይላል። የደረጃችን አንዱ እርከን ከሌሎቹ በጣት ከፍ ይል ስለነበር በወጣ በወረደ ቁጥር ግንበኛውን ሳያነሳው አያልፍም። የማይገጥም በር፣ ሲቀዱበት የሚንጠባጠብ ማንቆርቆሪያ፣ ግራና ቀኙ እኩል ያልሆነ መጋረጃ፣ ሁሉም ያንገበግበዋል። «ከባድ ነገር መች ጠየቅናቸው? ቀላሉን በደንብ ቢሠሩት ምን ነበረበት?» ይላል። መጀመሪያ መጀመሪያ እስቅ ነበር። በኋላ ሰለቸኝና ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት።

ስልሳ ስምንት ዓመት ሲሞላው መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተው። ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ለሁለቱ ዓይኖቹ የሚያስፈልገው የመነጽር ቁጥር በጣም የተራራቀ መሆኑን ነግሮን ወረቀት ጻፈልን። አባቴ ሙሉ ክብ የመነጽር ክፈፍ መረጠ፤ ወረቀቱን ቢሮዬ አጠገብ ላለ መነጽር ቤት ሰጠሁ። መነጽሩ የደረሰ ዕለት ባለሱቁ «አባትዎ ራሳቸው መጥተው ቢሞክሩት ይሻል ነበር» አለኝ። ቸኩዬ ነበር። «ግድ የለም፣ እኔ አደርስለታለሁ» ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

አባዬ ማታ አደረገው። አንገቱን ወደ አንድ ጎን ሰበር አድርጎ ወለሉን አየ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር በደንብ አልተሠራም።»

«አዲስ መነጽር እንዲህ ነው አባዬ። ትለምደዋለህ።»

«ወለሉ ያዘነብላል እኮ።»

«ትለምደዋለህ አልኩህ!»

በሳምንቱ «ራሴን አመመኝ» አለ። በአሥረኛው ቀን ደግሞ «እስቲ መልሰሽ አሳዪያቸው፤ አንድ የሳቱት ነገር አለ» አለኝ። እኔ ቢሮ ስጨቃጨቅ ውዬ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነበር። «አንተ ደግሞ መቼ የሚጥምህ ነገር አለ? አንድ ቀን እንኳ ሳትነጫነጭ ብትውል ምናለ!» ብዬ ጮህኩበት።

ከዚያ ወዲያ ስለ መነጽሩ አንስቶ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም እፎይ ብዬ ነበር።

ሥራው ይበላሽ ጀመር። ሠላሳ ዓመት እሱ ዘንድ ልብስ ያሰፉ አንድ ጡረተኛ መምህር ኮታቸውን ይዘው መጡ። አንዱ እጅጌ ካንዱ በሁለት ጣት ያጥር ነበር። «ምንም አይደለም፣ ስትደርስበት» አሉት፤ ሊያሳፍሩት አልፈለጉም። አባቴ ሦስት ጊዜ ተርትሮ ሦስት ጊዜ ሰፋው። በመጨረሻ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠና «ዓይኔ አልቋል» አለ። ለእኔም አልነበረም፣ ለራሱ ነው ያለው። ደንበኞቹም አንድ በአንድ ቀሩ።

መነጽሩን ባደረገ በስምንተኛው ወር ከሥራ ስመለስ መስኮቱ ሥር ባዶ ነው። መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ላይ አራቱ እግሮቿ ያረፉበት ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ቀርቷል። ድሮ አብሮት የሠራ ጓደኛው ልጅ ሌላ ከተማ ሱቅ ልትከፍት ስለነበር ለእሷ ልኮላታል።

«ቆማ ከምትዝግ ትሥራባት» አለኝ።

«ደግ አደረግክ። አሁንስ እረፍ» አልኩት። ደግ ያደረገ መስሎኝ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ የመነጽሩ ብሎን ወለቀ። በምሳ ሰዓት መንገድ ዳር መነጽር ወደምትጠግን አንዲት ሴት ወሰድኩት። ብሎኑን አስገባችና እንደ ዋዛ መስታወቶቹን በመለኪያዋ አየቻቸው። ከዚያ መነጽር ቤቱ ማኅደሩ ውስጥ አጥፎ የመለሰልንን የሐኪም ወረቀት አውጥታ አነበበች። መልሳ ለካች።

«እህቴ፣ ይሄን የሚያደርገው ሰው አላጉረመረመም?»

«ለምን?»

«የቀኙ ግራ፣ የግራው ቀኝ ገብቷል። ክፈፉ ክብ ስለሆነ ሲገጥሙት አልታወቃቸውም። በዚህ የሚያይ ሰው መከራውን ነው የሚያየው።»

መልሴን ሳትጠብቅ ሥራዋን ቀጠለች። ሁለቱን ፈትታ፣ አለዋውጣ፣ አስተካክላ፣ አጥባ ሰጠችኝ። ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም።

ወደ ቢሮ አልተመለስኩም። አባዬ መነጽሩን አደረገና መጀመሪያ አውራ ጣቱን አየ፤ ቀጥሎ የራሱን እጅጌ፤ ከዚያ በመስኮቱ ማዶውን።

«ለካ ዓይኔ አልነበረም» አለ ቀስ ብሎ።

ያን ጊዜ ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ። በማግስቱ ንዴቴን የምጥልበት ፈልጌ የመጀመሪያው መነጽር ቤት ሄድኩ። ባለሱቁ ደነገጠ፣ ይቅርታም ጠየቀኝ። ቀጥሎ ግን «ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልመለሱልንም? አባትዎ አልነገሩዎትም እንዴ?» አለኝ። ሳልሰናበተው ወጣሁ።

መኪናዋን ላስመልስ ብል አባቴ አልሰማኝም። «ልጅቷ እንጀራዋን ጀምራባታለች፤ አሁን ምን ብዬ ነው የምነጥቃት?» አለ። ሌላ ገዛሁለት። አመሰገነኝ፤ አቧራ እንዳይነካት ጨርቅ አለበሳት፤ አንድ ቀን እንኳ ሲሰፋባት አላየሁም።

አንድ እሑድ አጠገቡ ቁጭ ብዬ «አባዬ፣ አንተ ነግረኸኝ ነበር» አልኩት።

«ነግሬሽ ነበር» አለ። «ግን እኔም ስለ ሁሉ ነገር ስናገር ነው የኖርኩት። ይሄኛው እውነት መሆኑን በምን ታውቂዋለሽ?»

ጥፋቱን ከእኔ ላይ አንስቶ ራሱ ተሸከመው። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር አይነቅፍም። ሾርባው ጨው ሲበዛበት «ጥሩ ነው» ይላል። ሸሚዝ ሳሳየው ቁልፉን አይነካም፤ «ያምራል» ብሎ ይመልስልኛል።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን ሚስት የባሏን ሱሪ ይዛ መጣች፤ እግሩ እንዲያጥርላት ነው። አባቴ ሱሪውን ተቀብሎ ጭኑ ላይ ዘረጋው። ስፌቱን በጣቱ ከላይ እስከ ታች ተከተለ። እኔ ወጥ ቤት ሳህን እያጠብኩ ነበር፤ ለመስማት ውኃውን ዘጋሁ።

«ማዶ ወዳለው ሰፊ ውሰጂው እናቴ» አላት፣ በጥንቃቄ አጥፎ እየመለሰላት። «ከእኔ ይሻላል።»

ሴትዮዋ አመስግና ወጣች። አባቴ በሩን ዘግቶ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። እኔ እጄ እንደራሰ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ፣ አጠገቡ ጨርቅ ለብሳ የቆመችውን አዲሷን መኪና አየሁ።