የሳህሌ ቅዳሜዎች

«ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነበር የሚውለው?»

ስመኝ ይህን ስትጠይቅ ካሳሁን ሻዩን ወደ አፉ ካስጠጋ በኋላ ሳይጠጣ መለሰው። ከባሏ ጋር አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ሟቹን ላመስግን ብሎ ነው ነገሩን ያበላሸው፤ «ጋሽ ሳህሌ እኮ ለቤቱ ሟች ነበር፤ ቅዳሜ ኦቨርታይም ግባ ሲሉት አንድ ቀን እሺ ብሎ አያውቅም» አለ።

አራት ዓመት ሙሉ ግን ቅዳሜ ጠዋት «ኦቨርታይም አለብኝ» እያለ ነበር የሚወጣው። እሷም ጃኬቱን ይዛ እስከ በር ትከተለው ነበር፤ «ልበሰው፣ ብርድ ይመታሃል» እያለች።

«ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል፣ እትዬ» አለና ካሳሁን ጫማውን ፍለጋ ሄደ።

ስመኝ ፍራሹ ላይ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። ሰልስቱ ነው። ኦሃዮ፣ ብሌንደን ያለው ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያን በተዋሱት ታጣፊ ወንበሮች ተጣቧል። ጎረቤቷ ሳቢራ ከአጠገቧ አልተለየችም።

«አንድ ነገር ልንገርሽ ሳቢራ። ቅዳሜ ቅዳሜ ታጥቦ ነበር የሚመጣው። ብርቱካን ብርቱካን በሚል ሳሙና። እኛ ቤት እንደዚያ ያለ ሳሙና ገብቶ አያውቅም።»

«ዌርሃውስ ውሎ ታጥቦ የሚመጣ ወንድ? የኔማ ከነአቧራው ነው ሶፋው ላይ የሚወድቀው» አለች ሳቢራ፤ ያለችው ነገር ወዴት እንደሚያመራ የገባት ካለችው በኋላ ነው።

ስመኝ ብዙ ለቅሶ ደርሳለች። ሰው ሲሞት የደበቀው ነገር በበር ሲገባ አይታለች፤ ማንም የማያውቃት፣ ጥቁር የለበሰች ሴት፣ የሟችን ግንባር ይዞ የተወለደ ልጅ። የልጅ ልጇን ጠራቻት።

«ናርዲ፣ አንዳንድ ቅዳሜ አንቺ አልነበርሽም የምታደርሺው? የት ነው?»

«አይ ዶንት ኖው፣ እማማ።» ስትዋሽ የታች ከንፈሯን ትነክሳለች፤ አሁንም ነከሰችው።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። የገባችው ሴት አልነበረችም። ባርኔጣውን በእጁ ያጨማደደ ነጭ ሽማግሌ ነው። ጎንበስ ብሎ ሲጨብጣት ያ ብርቱካን ሸተታት፤ እጇን መነጨቀችው። «የሴትየዋ አባት ነው» አለች በልቧ።

«ሊዮን ይባላል፣ ገበሬ ነው» አለች ናርዲ እያየቻት። «ሶሪ፣ እማማ። አባባ አስምሎኝ ነው። ቅዳሜ ከሱ ጋር ነበር። ትራክተር ይሠሩ ነበር።»

ስመኝ ሴት ነበረችው ቢሏት ይሻላት ነበር።

አርሲ፣ የመንግሥት እርሻ። ሳህሌ ትራክተር ነጂ፤ ታናሽ ወንድሟ ቶሎሳ የኋላ ጎማው መከለያ፣ ፓራፋንጎው ላይ ተቀምጦ እየዘፈነ። ትራክተሩ ቁልቁለቱ ላይ ሲገለበጥ ሳህሌ ተፈናጥሮ ተረፈ፤ ቶሎሳ ከሥሩ ቀረ። ያኔም በሰልስቱ ነበር ሳህሌ እግሯ ላይ የወደቀው፤ «ሁለተኛ ትራክተር ላይ ብወጣ ስመኝ ትሙት!» ብሎ ማለ። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ዲቪ ደርሷቸው እዚህ ከመጡ ወዲህ እንኳ ገጠሩን በመኪና ሲያልፉ፣ ማሳ ላይ ትራክተር ካየ ፊቱን ያዞር ነበር።

ሊዮን ማውራት ጀመረ፤ ናርዲ እየተከተለች ተረጎመች። የሊዮን ትራክተር ከጎተራው ኋላ ዝጎ፣ በመሃሉ ዛፍ በቅሎበት ነበር። አንድ ቀን የማያውቀው ሰው መኪናውን አቁሞ በሩን አንኳኳና «እንዴት እንደዚህ ትተወዋለህ?» አለው። እዚሁ ኦሃዮ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ፋብሪካው ጥቂት መቶ ብቻ ሠርቶ ከተዘጋ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ የቀሩት በጣት ይቆጠራሉ። መለዋወጫ አይገኝለትም። የጎደለውን ሳህሌ ከብረት እየሞረደ አበጀለት። ሲጨርሱ የእጃቸውን ቅባት በብርቱካን ሳሙና ታጥበው ይለያዩ ነበር። ሊዮን ለቅሶ ቤት መሆኑን ረሳና የሞተሩን ድምፅ በአፉ አሰማ፤ ጥግ ያሉት ሽማግሌዎች ሳያስቡት ፈገግ አሉ።

«ካርቡሬተሩን በጥርስ ብሩሽ ነው ያጸዳው» አለች ናርዲ።

ስመኝ ከመታጠቢያ ቤት የጠፉት ብሩሾች ትዝ አሏት። «እሱን ተዪው። ወጥቶበታል ወይ በይልኝ።»

ናርዲ አልጠየቀችም። ስልኳን ከፍታ ሰጠቻት።

ማሳ ነው፤ ያካፋል። ቀይ ትራክተር ቀስ እያለ ይመጣል። የሚነዳው ሊዮን ነው። ሳህሌ ከጎኑ በእግሩ ይሄዳል፤ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርጎ፣ አንድ እጁን ፓራፋንጎው ላይ አሳርፎ፣ የተቀመጠ ሰው እንዳይወድቅ እንደሚደግፍ። ሊዮን በእጁ ና ውጣ ይለዋል። ሳህሌ ራሱን ይነቀንቃል። ማሳውን ከዳር እስከ ዳር እንዲያ ሄደ።

«አንድ ቀንም አልወጣም» አለች ናርዲ። «ሊዮን ሲለምነው ‹ሚስቴ ትሞትብኛለች› ይለው ነበር። ሊዮን ጆክ ይመስለው ነበር።» በአገጯ ወደ መስኮቱ አመለከተች። «ሲያልቅ ‹ለሚስቴ አሳያታለሁ› ብሎት ነበር። አሁን ሊዮን ይዞት መጥቷል።»

መንገዱ ዳር፣ ተጎታች ላይ፣ ቀዩ ትራክተር ቆሟል። ካፊያው ይወርድበታል።

ስመኝ ቪዲዮውን እንደገና አየችው።

«ጃኬቱን አልለበሰም» አለች።

ከፍራሹ ተነሣች። ሳቢራ «እትዬ፣ ወዴት ነው? ሰው እየመጣ!» ብላ የነጠላዋን ጫፍ ያዘች፤ ጫፉ ከእጇ አመለጠ። ስመኝ በሩ ጀርባ የተሰቀለውን ጃኬት አወረደች፣ ትከሻውን እንደ ልማዷ በመዳፏ ጠረገችለትና ወደ ትራክተሩ ወጣች።