የአሮጌው መንገድ ቁልቁለት

አዲሱ መንገድ ተከፍቶ መኪናው ሁሉ ወደዚያ ሲዞር፣ ከቦንጋ ወደ ወንዙ የሚወርደው አሮጌው ጥርጊያ ለእግረኛና ለበቅሎ ብቻ ቀረ። እትዬ በዛወርቅ ሃያ ስምንት ዓመት ግብርና ቢሮ ታይፕ ሲመቱ ኖረው ብስክሌት የተማሩት በዚህ ጥርጊያ ላይ ነው። ያስተማረቻቸው የሥራ ባልደረባቸው ፀደንያ ናት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱም በየብስክሌታቸው እስከ ወንዙ ለመሄድ ተነሡ። ሜዳ ሜዳውን በደንብ ነዱ። ጫካው ውስጥ ገብተው ረጅሙ ቁልቁለት ሲጀምር ግን እትዬ በዛወርቅ ወረዱ።

«ይሄንንስ በእግሬ ነው።»

«ፍሬኑን ቀስ እያሉ ይያዙት፤ መኪና አይመጣብዎትም» አለች ፀደንያ።

ትንሽ አሰቡና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሰሩ። ከዚያ ብስክሌቱ ላይ ወጥተው ፍሬኑን ለቀቁት። ዛፎቹ በግራና በቀኝ ሸሹ፤ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ዘለሉ። በበቅሎ ማር የጫነ ሰው ዳር ይዞ «በርቱ እናቴ!» ብሎ ጮኸ።

ፀደንያ የወንዙ ድልድይ ላይ ደንግጣ ደረሰችባቸው። «ምን ሆኑ? ሲጮኹ ሰማሁ!»

«እልል ስል ነዋ!»

ፀደንያ በሳቅ ፈነዳች። ምሳ ልታቀርብ ዳቦውን ስታወጣ፣ እሳቸው ብስክሌታቸውን አዙረው አቀበቱን መግፋት ጀምረዋል።

«ወዴት ነው? አልበላንም እኮ!»

«አንቺ ብዪ፤ እኔ አንዴ ልድገመው።»

ፀደንያ ዳቦውን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ተከተለቻቸው። ያን ቀን ቁልቁለቱን ሦስት ጊዜ ወረዱት። አመሻሽ ላይ ብስክሌታቸውን እየገፉ ወደ ከተማው ሲመለሱ ማን ቀድሞ ድልድዩ እንደ ደረሰ ገና እየተከራከሩ ነበር።