ብልጭታው የቀነሰ አልማዝ

ጃሹ ሐብሉን ለሦስተኛ ጊዜ ስትመልስብኝ ትዕግሥቴ አለቀ። የሱራት ከተማ ሴት ሁሉ እኔ ሱቅ የሚመጣው ብልጭ የሚል ጌጥ ፍለጋ ነው፤ እሷ ግን ብልጭታውን ጠላችው።

"ራማ፣ ይኼም በጣም ያበራል። ትንሽ ደብዘዝ ያለ አጣሽ?"

"አርቲፊሻል እኮ ነው እህቴ። ከእውነተኛው አልማዝ በላይ ካላበራ ማን ይገዛዋል?"

አልሳቀችም። ሐሙስ ልጇን ክሩቲን ትድራለች። የዚያን ዕለት ሁለቱም ወገን ለሙሽሪት የሚሰጡት ጌጥ ትሪ ላይ ይደረደርና ዘመድ አዝማድ ከብቦ ያየዋል። የሙሽራው አባት ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ አልማዝ ሲሞርድ የኖረ ሰው ነው። ሚስቱ ፑሽፓ ድንጋዩን ወደ አፏ አስጠግታ ብትተነፍስበት አለቀ፤ በእውነተኛው ላይ እንፋሎቱ ወዲያው ይጠፋል፣ በእኔ ዕቃ ላይ ግን ይቆያል። ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ እውነተኛውን ከየት ታምጣ?

"እኔን ይስደቡኝ ግድ የለኝም" አለች ጃሹ። "ልጄን ግን በጎረሰች ቁጥር ያነሱባታል። እስክታረጅ።"

ይህን ብላ ሳትጨርስ ፑሽፓ መንገዱን ተሻግራ ወደ እኛ ስትመጣ አየናት። ጃሹ ሐብሉን እንደያዘች ከሱቁ መጋረጃ ኋላ ገባች።

ፑሽፓ የሳሪዋን ጫፍ ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ተጠጋችኝ።

"ሰው አለ?"

"ማንም የለም" አልኩ። በዚህ ሥራ ሳይዋሹ መኖር የለም።

"ለምራቴ የምሰጠው ጌጥ ፈልጌ ነበር። ብዙ የማያበራ፣ እውነተኛ የሚመስል።"

"ባለቤትሽ አልማዝ ሞራጅ አይደለም እንዴ?"

"ፋብሪካው ከተዘጋ ቆየ። ቤት ነው የሚውለው፤ ለሰው አልተናገርንም።" ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "የልጅቷ እናት ካወቀች ልጄን ትንቀዋለች። ሠርጉን ብታፈርሰውስ?"

መጋረጃው ተገለጠና ጃሹ ወጣች። እኔ መግቢያ አጣሁ።

ፑሽፓ መጀመሪያ ጃሹን አየች፣ ከዚያ ሐብሉን። ሐብሉን ተቀበለቻትና ተነፈሰችበት። እንፋሎቱ አልጠፋም።

"የክሩቲ ነው?"

"የእሷ ነው። ይቅር ይበሉኝ።"

"ምኑን ነው ይቅር የምልዎ?" ፑሽፓ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ። "እኔ እኮ እርስዎን ፈርቼ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።"

"እኔም እርስዎን።"

እኔ ምን አገባኝ፣ ግን አብሬ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። እነሱ ግን እንባቸውን ሳይጠርጉ ሁለቱን ጌጥ እያስማሙ መረጡ፤ ተባብረው ዋጋ ሲያስቀንሱኝም አላዘኑልኝም።

"ከዘመድ አንዱ ልተንፍስበት ቢልስ?" አለች ጃሹ።

"የአልማዝ ሞራጅ ሚስት ፊት? እኔ አይቼዋለሁ ካልኩ ማን ይደፍራል?"

ሻይ አስመጣሁ። ፑሽፓ ከራሷ ስኒ ግማሹን እንደ ልማዳችን የስኒው ማስቀመጫ ሳህን ላይ ቀድታ ለጃሹ ዘረጋችላት። ጃሹ እጇን ሰበሰበች። በእኛ ወግ የሙሽራ እናት ከልጇ አማቾች እጅ ውኃ እንኳ አትቀምስም፤ ልጅን ሰጥቶ ከዚያው ቤት መልሶ እንደ መብላት ይቆጠራል።

"ሠርጉ ገና ነው፣ ጠጪ" አለች ፑሽፓ። "ከሠርጉም በኋላ ቤቴ እየመጣሽ ትጠጫለሽ፣ ልጅሽን እያየሽ።"

ጃሹ ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀብላ ጠጣች።